የሐረግ ዳንቴልና የሳጥኑ ሁለት ቁጥሮች

ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው መንገደኛ አይቸኩልም። እኔም አልቸኩልም። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከመካነ ሰላም ወደማስተምርበት ቀበሌ ስመለስ፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ ያለው አይሱዙ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ። ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት በዚህ ደጋ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል፣ ከጉምና ከፈተና ወረቀት ጋር አሳልፌአቸዋለሁ። ልጆቼ አድገው ሄደዋል። ባሌም ከሄደ ቆየ፤ የት እንደሄደ መጠየቅ ካቆምኩም ቆየሁ።

ጋቢናው ውስጥ ቀድመውኝ የተቀመጡት አያ ይሄነው ነበሩ፤ ከትምህርት ቤታችን በታች ያለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ባለቤት። ጉልበታቸው ላይ ካርቶን ታቅፈዋል። ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ካወራን በኋላ ምን እንደያዙ ጠየቅኳቸው። የወፍጮው ሞተር የሚበራበትና የሚጠፋበት ሳጥን እንደሆነ፣ ሚስታቸው ሐረግ ከሞቱ ወዲህም ይህ ሦስተኛው መሆኑን ነገሩኝ። የፊተኞቹ ተራ በተራ ተቃጥለዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከመቃጠሉ በፊት፣ ወረፋ ስትጠብቅ የተደገፈችውን ጎረቤታቸውን አበቡን ነዝሮ መሬት ላይ ጥሏታል። አበቡ ተርፋለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወደ ወፍጮው የሚመጣ ሰው የለም።

“ሰዉ ‘ሐረግ ተቀይማው ነው’ ይላል” አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ። “ተዝካሯን አውጥቻለሁ። አብረን ስንኖር ክፉ ቃል አልወጣኝም። ምን አድርጌ አስቀየምኳት፣ መምህርት?”

 ካርቶኑን ተቀብዬ ሳገላብጠው ጎኑ ላይ “አይፒ 20” ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ስንት ዕቃ ላይ አይቼዋለሁ፤ የፋብሪካው ጉዳይ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ይህን ያህል ዘመን ያስተማርኩ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ ያቀፈውን ሳጥን ማንበብ ስላቃተኝ አፈርኩ።

“እንጀራዬ አይደለም የሚጨንቀኝ” ሲሉ ቀጠሉ አያ ይሄነው። “መሬቱን የእኩል ሰጥቻለሁ፤ አልራብም። ነገር ግን ደጄን የሚረግጥ ሰው በወፍጮዋ ሰበብ ነው የሚመጣው። እሷ ዝም ካለች እዚያ ግቢ ድምፅ የለም።”

ይህንን ግን ሳላነብም ገባኝ። እኔም ማታ ማታ ራዲዮ የምከፍተው ለማዳመጥ አይደለም። ስለዚህ ከአይሱዙው ሳልወርድ ለአሕመድኑር ደወልኩ። አሕመድኑር የቁርኣን መምህር ልጅ ነው፤ እኔ ዘንድ ተምሮ፣ ሙያ ኮሌጅ ገብቶ፣ አሁን መካነ ሰላም ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል። በማግስቱ በሞተር ብስክሌት አያ ይሄነው ግቢ መጣ፤ እኔም እዚያ ጠበቅሁት።

“አሰላሙ አለይኩም” አለ ከበሩ።

“ወአለይኩም ሰላም፣ ግባ ልጄ” አሉ አያ ይሄነው። ደጃቸው ሰው ካየ ስንት ቀን እንደሆነው ከአቀባበላቸው ያስታውቅ ነበር።

ወጣቱ ሳጥኑን ከመንካቱ በፊት ቆጣሪው ዘንድ ሄዶ መብራቱን አጠፋ፤ ተመልሶም በቴስተር ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አንድ በአንድ ፈተሸ። አንባቢዬ ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበል፤ ከእኔ ተማሪዎች ይህን ሳያደርግ እጁን የሰደደ አንድ አውቃለሁ፤ ዛሬም ሁለት ጣቱ አይታጠፍም።

የተቃጠለው ሳጥን ያለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን በውጭ ግድግዳው ላይ፣ አጭር የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ነው። በአገራችን ራዲዮና ቴሌቪዥን ዳንቴል እንደሚለብስ ሁሉ፣ ይህም ሳጥን ነጭ የነበረ ዳንቴል ለብሷል። በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የማዳበሪያ ላስቲክ ተደርቦ በገመድ ተጠፍሯል። አሕመድኑር ትንሽ ፈገግ አለ፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ግን ፈገግታውን ሰበሰበ።

“አያ ይሄነው፣ ይህን ማን አለበሰው?”

“ዳንቴሉን ባለቤቴ። ራዲዮኑ ለብሶ ይሄ ለምን በብርድ ራቁቱን ያድራል ብላ። ላስቲኩን እኔ ነኝ የደረብኩት፣ እሷ ካለፈች በኋላ፣ ዝናብ እንዳይገባ።”

“እንግዲያው ላውልቀው?”

“አይወልቅም” አሉ አያ ይሄነው። ከዚያም ቁጣቸው ራሳቸውን እንዳስደነገጣቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የመጀመሪያው ሳጥን ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ለብሶ ሲሠራ አንድ ቀን እንዳላስቸገረ፣ የከፋው የዛሬው ዕቃ እንጂ ልብሱ እንዳልሆነ ተከራከሩ። እንደ እኔ ከሆነ ክርክራቸው ደካማ አልነበረም። ሰባት ዓመት ረጅም ማስረጃ ነው።

ወጣቱ አልተከራከራቸውም። ትናንት ሌሊት ዘንቦ እንደሆነ ጠየቃቸው። አልዘነበም፤ ብርድ ብቻ ነበር አሉት።

“እንግዲያስ እጅዎን ከላስቲኩ ሥር ያስገቡልኝ። መብራቱ ጠፍቷል፣ አይፍሩ።”

አስገቡ። ሲያወጡት እስከ አንጓቸው ርሷል፤ በጣቶቻቸው መካከልም እንደ ሊጥ የሆነ ዱቄት ተጣብቋል። እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው አዩት።

“ሳይዘንብ ከየት መጣ?” አሉ።

አሕመድኑር በትሕትና አስረዳቸው። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃውን የሳጥኑ ቆርቆሮ ላይ ይተወዋል፤ ላስቲኩ ደግሞ የገባውን እርጥበት እንዳይወጣ ይዘጋበታል። ከወፍጮው መስኮት የሚወጣው የዱቄት ብናኝ ዳንቴሉ ላይ ያርፋል፤ ዳንቴሉ ውኃውን ይጠጣል። ላስቲኩንና ዳንቴሉን ሳያወልቅ ገለጥ አድርጎ፣ የሳጥኑን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶም አሳያቸው። ሞተሩን የሚያስነሣው ኮንታክተር በጠቆረ ሊጥ ተለስኗል፣ የመዳብ ሽቦው አረንጓዴ አውጥቷል። የፈሰሰ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ገመድም ከጫፉ በስብሶ ተበጥሷል። አበቡን የጣላት ይህ ነበር።

“እንግዲህ ሐረግ አይደለችም” አሉ አያ ይሄነው፣ ቀስ ብለው።

“እሳቸው አይደሉም፣ አያ። አብሽሩ።”

ከዚያ ካርቶኑን አንሥቶ ቁጥሩን አሳያቸው። እኔም ተጠግቼ እንደ ተማሪ አዳመጥኩ።

“ይህን ሃያ ብለው አያንብቡት። ሁለትና ዜሮ ነው፤ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚናገረው። የፊተኛው ለአቧራ ነው፤ እስከ ስድስት ይሄዳል። ሁለት ማለት ጣት አያስገባም፣ ዱቄት ግን እንደልቡ ይገባል ማለት ነው። የኋለኛው ለውኃ ነው። ዜሮ ማለት ለአንዲት ጠብታ እንኳ ዋስትና የለውም።”

“ባለሱቁ ጠንካራ ነው ብሎኛል።”

“ጠንካራ ነው። ለደረቅ ሳሎን ግድግዳ ከሆነ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሳጥኑ አልበደለም፣ ቦታው አይደለም እንጂ።”

“እንግዲያው ከሁሉ ትልቁን ቁጥር አምጣልኝና ልገላገል።”

አሕመድኑር ሳቀ። ትልቁ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለሚውል ዕቃ እንደሆነ፣ ወፍጮውም ወንዝ ውስጥ እንደማይገባ፣ ለማያስፈልግ ነገር መክፈል ከንቱ እንደሆነ ነገራቸው። ቁጥር የሚመረጠው ዕቃው የሚውልበትን ቦታ አይቶ ነው አለ፤ ምን ያህል አቧራ አለ፣ ውኃው ከየት በኩል ይመጣል? ዝናብ የማያገኘው አቧራማ ቤት ውስጥ ቢሆን አምስትና አራት ይበቃል። እዚህ ግን ዱቄትም አለ፣ ነፋስ የሚገፋው ዝናብም አለ፤ ስለዚህ ስድስትና አምስት ያስፈልጋል። ሲቀጥልም፣ ርካሹ መንገድ ሳጥኑን ከዝናቡ አስገብቶ ከውስጥ ግድግዳ ላይ መትከል እንደሆነ ነገራቸው።

“አይገባም” አሉ አያ ይሄነው።

ይህን ጊዜ ግን አልተቆጡም። ሐረግ የዱቄት ብናኝ ደረቷን ይዟት ታስል እንደነበር፣ ሳጥኑን ውጭ ያስተከሉት እሷ ወደ ብናኙ ሳትገባ ከግቢው ሆና እንድታበራና እንድታጠፋ ብለው እንደሆነ አወጉን። ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ የእሷ መቀመጫ ነበር። ሁለት ዳንቴል ሠርታ ነበር፤ ማታ ማታ የዋለበትን አውልቃ፣ አራግፋ፣ ሳጥኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ ሌላውን ታለብሰዋለች። እጇን ሰድዳም ‘ደረቅ ነው’ ወይም ‘ረጥቧል’ ብላ ትነግራቸዋለች። ከረጠበ በማግስቱ ሳጥኑ ሳይደርቅ ወፍጮው አይከፈትም።

“እኔ እሷ ካለፈች ወዲህ ይህን አላደረግሁም” አሉ። “ላደርገው እያሰብኩ ዳንቴሉን ማራገፍ አቃተኝ። ሳጥኑ ሲቀየርም ያንኑ መልሼ አልብሼ፣ እሷ እንዳለበሰችው ይኑር ብዬ ነው ያሰርኩት።”

አሕመድኑር ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። እኔም ወደ ጉሙ ዞር አልኩ፤ አልቅሻለሁ።

“እንግዲያው ሰባቱን ዓመት ያቆየው ዳንቴሉ አይደለም” አለ ወጣቱ። “እጃቸው ነው። በየቀኑ የሚጠርግ እጅ ካለ ሁለትና ዜሮም ይኖራል። አሁን ያ እጅ የለም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ራሱን የሚችል መሆን አለበት። ካለበት ቦታ አላነሣውም። ለዚህ ቦታ የሚሆነውን አመጣለሁ።”

 አያ ይሄነው ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ ላስቲኩን ጣሉ፤ ዳንቴሉን አውልቀው ጨመቁትና ደረታቸው ላይ ያዙት። ክርክሩ በዚህ አለቀ።

ካርቶኑ ያልተከፈተውን ሳጥን ባለሱቁ መልሶ ወሰደ። አሕመድኑር ያመጣው አዲስ ሳጥን ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ የታጠረ፣ ሰፋ ያለ ነበር፤ የተዘጋ ሳጥን ሙቀት ስለሚያፍን ጠባቡ አይመረጥም። ገመዶቹ ሁሉ ከሥር በኩል ገቡ፣ እያንዳንዱም አንቆ በሚይዝ ማሰሪያ ተጠበቀ። አያ ይሄነው ከላይ መብሳት እንደሚቀል ቢናገሩ፣ አሕመድኑር ከላይ አንዲት ቀዳዳ ከተበሳች ስድስቱም አምስቱም በዚያው እንደሚቀሩ ነገራቸው። አዲስ የመሬት ገመድም ተቀበረ፤ ያለሱ ምንም ዓይነት ቁጥር የሰውን ሕይወት አያድንም። የክዳኑን ጎማ በየክረምቱ መግቢያ እንዲያዩት አደራ አለና ሄደ።

ወደ መስከረም መጨረሻ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ የወፍጮውን ድምፅ ሰማሁና ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ወረፋ ይዘዋል። አበቡም አለች፤ በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ ቀስ ብላ መጥታ መዳፏን ሳጥኑ ላይ እንዳሳረፈች ራሷ አጫወተችኝ። ከዚያ ወዲህ የሐረግን ስም በክፉ ያነሣ የለም። ሳጥኑ ክረምቱን ሙሉ አንዴም አልተቃጠለም፤ አጅባር ውስጥ ወፍጮ ያለው ዘመዳቸው ሳይቀር የትኛውን ቁጥር እንደሚገዛ ደውሎ ጠይቋቸዋል። አያ ይሄነውም ስለ አቧራውና ስለ ዝናቡ አንድ በአንድ ጠይቀው እንደመለሱለት ሲነግሩኝ፣ ከእኔ የተሻሉ አስተማሪ መሆናቸውን አመንኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ ዱቄታቸውን ተሸክመው ሄዱ። አያ ይሄነው ወፍጮውን አጠፉ፤ ግቢው እንደገና ዝም አለ። በተከፈተው የቤቱ በር በኩል ራዲዮናቸው ይታያል፤ ሁለቱንም ዳንቴሎች ደርቦ ለብሷል። ከዚያ ቆጣሪውን ዘግተው መጡ። የሳጥኑን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን በጎማው ዙሪያ አዞሩ፣ አዩትም።

“ደረቅ ነው” አሉ ወደ ሐረግ ድንጋይ ዞረው።

 ከዚያ ክዳኑን ገጥመው፣ እራት አብሬያቸው እንድበላ ጠየቁኝ፤ እኔም ቤቴ የሚጠብቀኝ ስለሌለ ገባሁ።