ሶኬቱን የነቀሉት እናት

የየትኛውንም አገር ዲስክ የሚያጫውት ርካሽ የዲቪዲ ዴክ ልመርጥ አብነት ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ገባሁ። አንዲት ጠና ያሉ እናት ቀድመውኛል። ልጃቸው ከጀርመን የላከው የድሮ የኳስ ጨዋታ ዲስክ ቤታቸው ባለው ዴክ አልከፍት ብሏል፤ ባለቤታቸው ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ የሚጠይቁት ያንን ጨዋታ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

ባለሱቁ አንድ ውድ ዴክ አውርዶ የሌላ አገር ዲስክ እንዳያጫውት የሚከለክለውን ገደብ የሚያነሳውን ቁጥር በሪሞት አስገባ። ጨዋታው ታየ።

«ይኸው እማማ፣ ልጠቅልልዎት?»

እሳቸው ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉና መልሰው ሰኩት። የገባው ቁጥር ጠፍቶ ዴኩ ዲስኩን አላጫውትም አለ።

«እንዴ እማማ፣ ምን አደረጉ?»

«እኛ ሰፈር መብራት የሚያደርገውን ነዋ። በጠፋ ቁጥር አንተን ልጥራ?»

ባለሱቁ እየሳቀ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዴክ አወረደ። እሱንም ነቀሉት። ሲሰኩት ጨዋታው ያለ ምንም ቁጥር ተከፈተ። ስለ ዴክ ብዙ ጠያይቄ ነበር የሄድኩት፤ እንዲህ ያለ ፍተሻ ግን ማንም አልነገረኝም።

«ለእኔም ከዚሁ ስጠኝ» አልኩት።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ፣ «መጀመሪያ የእኔን ይጠቅልልልኝ፤ ሰውዬው ቤት እየጠበቀኝ ነው።»