የአባቷ ቦታ

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣትና አንድ አዛውንት ከኋላዬ ተቀምጠው ስለ ሚካኤል ማኅበራቸው ያወሩ ነበር። የማኅበሩ ጽዋ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ የተረከበው ሰው በቤቱ ይደግሳል። አባቷ ጽዋውን እንደተረከቡ አርፈዋል። አዛውንቱ ደግሞ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ ናቸው።

«ጽዋውን መልሺ ተባልኩ፣ አያ ሙሉ።»

«እኔ አላልኩም። ሌሎቹ አባላት ናቸው።»

«አንቱ ሙሴ አይደሉም እንዴ?»

«ሙሴም ባሕሩን ብቻውን አልከፈለም፣ ልጄ።»

«የአባቴን ተራ ላውጣ፣ ከዚያም በቦታቸው ልቀመጥ ነው ያልኩት።»

«ድግሱንማ ደግሺ፣ ማን ከለከለሽ? ነገሩ መቀመጫው ነው። የአባት ቦታ ለወንድ ልጅ ነው፤ ደንቡ የጥንት ነው።»

«እሳቸው የወለዱት እኔን ብቻ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«አንቱስ ከአንበሳሜ መጥተው አልነበር? ያኔ ከአጥቢያው ሰው ሌላ አይገባም ነበር አሉ።»

አዛውንቱ ሳቁ። «ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አባቴ። ተሟግቼ አስገባሁት ይሉ ነበር።»

«እውነት ነው። አንዳንዶቹማ ከመጤ ጋር አንጠጣም ብለው አኩርፈው ከረሙ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተራዬ ደረሰና ጠላዬን ቀመሱ።»

«የእኔም ጠላ አይታማም።»

«በይ እንግዲህ፣ ለሚካኤል ድግሱን ካቀረብሽ በኋላ ጓዳ እንዳትገቢ። ከእኔ አጠገብ ተቀመጪ።»

«በገዛ ቤቴ ቢያስነሱኝስ?»

«መጀመሪያ እኔን ያስነሱ።»

«ወራጅ አለ» ያልኩት መውረጃዬን፣ ትምህርት ቤቴን፣ ካለፍን በኋላ ነበር።