ለቦሎ የተዋሱት ጎማ

ከሳቢያን ወደ ከዚራ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ጎማ ታቅፈው የተቀመጡትን ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ጎማው ለምንድን ነው?»

«ነገ መኪናዬን ለምርመራ አቀርባለሁ። ያለ መጠባበቂያ ጎማ ቦሎ አይሰጡም።»

«ገዙት?»

«የወንድሜ ነው። በአብዮቱ ሰሞን፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከተጣላን ወዲህ ተኳርፈን ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ሰጡዎት?»

«ሄጄ ጎማ ቸገረኝ አልኩት። ከራሱ መኪና አወረደና፣ ‹ያዘው፣ ያንተ ይሁን› አለኝ።»

«እሰይ! ተገላገሉ።»

«የለም፣ ‹ቦሎዬን እንዳገኘሁ እመልሳለሁ› ብዬው ነው የመጣሁት።»

«ምነው፣ የሰጡዎትን?»

«አቦ ተይኝ! የራሴ ካደረግሁትማ፣ ደግሞ በምን ሰበብ ደጁን አንኳኳለሁ?»

ሲወርዱ ጎማውን አቀበልኳቸውና፣ ታክሲዋ ከተንቀሳቀሰች በኋላም እጄ ላይ የቀረውን እድፍ ሳልጠርግ ቆየሁ።