ከነጎድጓድ ሥር የተሰፋው ስም

ይኸውላችሁ፣ እኔ ንግግር አልተማርኩም፤ ፊደልም አልቆጠርኩም። የዚህ ክለብ የመጀመሪያው በረኛ ግን እኔ ነኝ። ጉልበቴ ሲከዳኝ ደግሞ የሜዳው ጠባቂ ሆንኩ። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ሊቀመንበሩ፣ አንተም ጭምር።

ይቺ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ልብስ ሰፊያችን መጀመሪያ የመጣችው ለዱቄት ወፍጮው ጆንያ ልትሰፋ ነበር። እኛ የወፍጮው ሠራተኞች ጓሮ ውስጥ ኳስ እንራገጣለን። አንዱ የሥራ ሸሚዝ፣ አንዱ ሹራብ፣ አንዱ ካናቴራ ለብሷል። ቆማ አየችንና፣ "ወንድሞቼ፣ ማነው ከማን ጋር የሚጫወተው?" አለች።

"እኛም እሱን ነው ያላወቅነው!" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ኳሱን ለባላጋራ እያቀበልን ነበር የምንሸነፈው።

በሳምንቱ ከአሮጌ ጆንያ ማልያ ሰፍታልን መጣች። ደረቱ ላይ የጆንያው ጽሑፍ "ወፍጮ ቤት" ይላል። ስማችን እንዲህ ወጣ፤ ኮሚቴ አላወጣውም። ዝናብ የመጣ ቀን ስፌቱ ውስጥ የቀረው ዱቄት ይርስና ሊጥ ሆነን እንገባለን። ተመልካቹ "ዱቄት! ዱቄት!" ይለናል። እኔ ዞር ስል ደግሞ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያጨበጭባል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እጄን አውለበልባለሁ። ለካስ ጀርባዬ ላይ "ከእርጥበት ይጠበቅ" የሚል አለ! ዓመቱን ሙሉ አልነገረችኝም። "ምነው ደበቅሽኝ?" ብላት፣ "ጋሼ፣ እንዲያ ደስ ብሎህ ኳስ ስታድን ምን ብዬ ላስከፋህ?" አለች።

አመሏን ታውቁታላችሁ። ክር በጥርሷ፣ መርፌ በኮሌታዋ። ማልያ ሳይገለብጥ ያስረከበ ወዮለት! "ገልብጠህ አምጣ፣ ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል!" አምበሉን እንኳ ከበር መልሳዋለች።

ከዚያ ቡድኑ አድጎ ፕሮፌሽናል ሊግ ገባ፤ እሷም የትጥቅ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። የቢሮ ሰዎች ተሰበሰቡና "ወፍጮ ቤት ያሳፍራል፣ ነጎድጓድ እንባል" አሉ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። "እንግዲያው ሣሩንም ነጎድጓድ ይጨደው!" ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ድረስ የመጣችው እሷ ናት። ነጎድጓድ የተጻፈበትን አዲሱን ማልያ ጭኔ ላይ ጣለችው። "እጅህን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ጋሼ።" ብዳብሰው፣ ከነጎድጓድ ሥር፣ በልብ በኩል፣ ትንሽዬ ስፌት አለ። ቅርጹን አወቅሁት፤ ያው ስማችን ነው።

"ለሁሉም ሰፋሽው?"

"ለሁሉም።"

በማግስቱ ሣሬን አጨድኩ።

ማልያ ታጥቦ የሚሰጣው ተገልብጦ አይደል? አንድ ቀን ሊቀመንበሩ በልብስ ማስጫው በኩል ሲያልፍ፣ ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ወፍጮ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ወፍጮ ቤት! "ይፈታ!" ብሎ ጮኸ። እሷ ክሯን ከጥርሷ ሳታወጣ፣ "በሜዳችን የተሸነፍን ቀን በገዛ እጄ እፈታዋለሁ" አለችው። ተስማማ። ለሊጉ አዲስ ገቢ ነን፣ ሳንሸነፍ ብዙም አንቆይም ብሎ ነዋ!

ልጆቹ ይህን ሰሙ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላቸው! ዓመቱን ሙሉ በሜዳችን የሚደፍረን ጠፋ። በመጨረሻው ጨዋታ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ አምበሉ በግንባሩ አገባና ማልያውን አውልቆ ገለበጠው። ስታዲየሙ በአንድ አፍ "ወፍጮ ቤት!" አለ። ዋንጫው የኛ ሆነ። ሊቀመንበሩስ? ይኸው ተቀምጧል፣ ይመስክር፤ ከሁሉ በላይ የጮኸው እሱ ነው።

እህቴ፣ እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ዛሬ ግን አመሰግንሻለሁ። ስማችንን ያቆየሽልን አንቺ ነሽ። እንኪ ይህን ማልያ። ገልብጪው። ውስጡን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከጆንያው ማልያዬ ላይ እያየሁ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ። ጣቴን ወግቼ ጨርሼዋለሁ። ስፌቱ ጠማማ ነው ብለሽ እንደ አመልሽ እንዳትፈቺው!

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ዓይንሽ ይብራ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ። ጨዋታ ባለበት ቀን ግን ቦታሽ እኔ አጠገብ ነው። የላዩን ማንም ያነበዋል፤ እኛ የውስጡን እንበል፣ ግድግዳው ይሰንጠቅ፦

ወፍጮ ቤት!