የሐሙስ እርም

ጆሃንስበርግ በኮሮና ሎክዳውን በተዘጋችበት ሰሞን፣ ጀፕስታውን ሰፈር ካለው ፎቃችን ጣሪያ ላይ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የታክሲ ጥሩምባ እንኳ የለም። ከማዶ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣው የአፈር ክምር በጭጋግ ሲታየኝ አገሬ ሆሳዕና ከተማ አጠገብ ያለው ማሳዬ መስሎኝ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከአንሶላዎቹ ጀርባ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ሄሪ ነው፤ በልጄ ሱቅ እየሠራ አማርኛ የለመደ የማዳጋስካር ልጅ፣ የእርሻ ተማሪ።

«ምን ሆነሃል? ማስክህን አገጭህ ላይ አንጠልጥለህ ታለቅሳለህ?»

«እማማ አምሳለ፣ የእናቴ ሩዝ ደርሷል፤ ነገ ሐሙስ ማታ ዐውሎ ነፋስ ይገባል አሉ፤ ለማጨድ የቀረው ነገ ቀኑ ብቻ ነው። እሷ ግን ሐሙስ ማሳ መርገጥ እርም ነው ብላ እምቢ አለች።»

«ደግ አደረገች! እኔስ በሚካኤል ቀን መሬት ጭሬ አውቃለሁ? ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለህ እናትህን እርም ልታስጥስ?»

«ሩዙ ከወደቀ እኮ እሷም እህቴም ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም። እኔም እንዳልሄድ መንገዱ ተዘግቷል።»

«አገሩ እንዴት ያለ ነው?» አልኩት፣ ለቅሶው እንዲበርድለት።

ዓይኑን ጨፍኖ ነገረኝ። ማሳው እንደ ደረጃ ከኮረብታው ይወርዳል፤ ውሃው ከአንዱ ጎረቤት ማሳ ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ዳክዬዎች በሩዙ መሃል ይዋኛሉ፤ ቀዩ የጭቃ ቤታቸው ከላይ ሆኖ ያያል። ነፋሱ አንሶላዎቹን ሲያውለበልብ እግሬ ሥር ውሃ የሚንሿሿ መሰለኝ።

«እማማ፣ አገርዎ ሳሉ አዋላጅ ነበሩ አሉ» አለኝ ቆይቶ። «በሚካኤል ቀን ለምጥ ቢጠሩዎትስ?»

«እሮጣለሁ ነዋ!»

«ሚካኤልስ?»

«አብሮኝ ይሮጣል እንጂ ይቆጣኛል እንዴ!» አልኩና አፌን ያዝኩ። በገዛ ምላሴ አሰረኝ፣ ይህ ጉደኛ!

እኔ ግን ተሸንፌ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። «ለመሆኑ እናትህን ምን አልካት?»

«ይህ ኋላ ቀርነት ነው አልኳት።»

«እንኳን እምቢ አለችህ! አያቶቿን ሰድበህ ሩዝሽን እጨጂ ትላለህ? የተማረ ድንጋይ! እርም ነው ያሉት እነሱ አይደሉም?»

«እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ይጠየቁ! የልጅ ልጁ ሲራብ ደስ የሚለው አያት አለ?»

ሄሪ ዕንባውን ጠረገ። «የቤታችን የሰሜን ምሥራቅ ጥግ ለሞቱ አያቶቻችን የተተወ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ የሸንኮራ አረቄ እየፈሰሰላቸው ይለመናሉ።»

«በል ደውል!»

እናትየዋ የሣር ባርኔጣ እንዳደረገች ስልኩ ላይ ብቅ አለች። እኔ ስናገር ሄሪ ያስተረጉማል። «እህቴ፣ እኔም የማልሽረው ቀን አለኝ። ነፍስ ለማዳን ስሮጥ ግን ቀኑ መንገድ ዘግቶብኝ አያውቅም። የልጅሽ አፉ ክፉ ነው፤ ሐሳቡ ግን ልክ ነው። አያቶችሽን አስፈቅጂና እጨጂ።»

ባርኔጣዋን አወለቀች። ከዚያ አንድ ነገር ስትናገር ሄሪ ሳቀ።

«ምን አለች?»

«‹ይቺ ቁጡ ሴትዮ የማን እናት ናት?› አለች። ወደ ጥጉ እየሄደች ነው።»

ሐሙስ ሲነጋ ማሳዋ ገባች። አስፈቅዳ መግባቷን ያዩ ጎረቤቶችም ማጭዳቸውን ይዘው ወረዱ፤ የእሷን አጭደው ወደየራሳቸው አለፉ። ማታ ነፋሱ የመጣው ባዶ ማሳ ላይ ነበር። መንደሩ ዘንድሮ አይራብም፤ አያቶቹም አልተሰደቡም። ልማድን የሚያሻሽል ሰው እንዲህ ነው የሚያሻሽለው፤ ባለቤቱን አክብሮ፣ አስፈቅዶ።

ዓርብ ጠዋት ፎቶ ደረሰን። ደጁ ጎርፍ ነው። ቤቱን እስከ ጣሪያው የሩዝ ነዶ ሞልቶት መተኛ ጠፍቷል፤ እናትየዋ ነዶው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወስዷታል።