የፕሮፌሰር ቨርሊን ስተክስ የመግቢያ ክፍል

ለመጨረሻ ስንብት በዚህ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የእኅታችንን የፕሮፌሰር ቨርሊን ስተክስን ሕይወት በጥቂቱ እናሰማችሁ።

ፕሮፌሰር ቨርሊን ከአባታቸው ከዲያቆን ሩፈስ ስተክስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዴሳ ግሌን፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በደቡብ ካሮላይና ገጠር ተወለዱ። የአውራጃው የተማሪዎች አውቶቡስ ጥቁር ልጆችን ስለማይጭን ምእመናኑ በገዛ ጉልበታቸው ባቆሙት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ በጥጥ ለቀማ ወራት ከትምህርት እየቀሩ፣ ቀርተውም አንደኛ እየወጡ፣ በታሪክ ትምህርት እስከ ዶክትሬት ደረሱ።

በከተማችን ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች ታሪካችን ይሰጠን ብለው አዳራሹን ይዘው አንወጣም ካሉ በኋላ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሕይወትና ታሪክ መግቢያ የተባለው ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያዋ መምህርት እርሳቸው ነበሩ። በማዕረግ ካደጉ ወዲያ መግቢያውን ለጀማሪ መምህር ይልቀቁ ቢባሉ፣ «ቤት የሚገባው በጣሪያ ነው እንዴ?» ብለው እዚያው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አቶ ክላይድ ሜይስን አግብተውም ልጃቸውን ራሞናን ወለዱ።

ክፍላቸው የሚጀምረው ባገራቸው ሰላምታ ነበር፤ ተማሪ ሁሉ እየተነሣ የማን ወገን እንደሆነ፣ አያቶቹም ከየት ቀዬ እንደመጡ ይናገራል። አንድ መስከረም ግን፣ ከአሳዳጊ ቤት ወደ አሳዳጊ ቤት ሲዘዋወር ያደገው ላማር ፒኬት ተራው ደርሶ፣ «እኔ ወገን የለኝም፤ ይሄ ትምህርት ለኔ አይደለም» ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። በባርነት ዘመን እናት ከልጇ ተነጥላ የተሸጠችበትን ታሪክ እያስተማሩ፣ ወገኑን የማያውቅ ልጅ ከደጃቸው መመለሱ ፕሮፌሰሯን አንገበገባቸው።

እሑድ ማለዳ ከማደሪያው በር ቆመው ጠብቀው ወደዚሁ ቤተ ክርስቲያን አመጡት። ከጸሎት በኋላ ማዕድ ሲቀርብ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አረጋዊት እማማ ኤስቴላ እንግዳ ሲያዩ እንደ ልማዳቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» አሉት። አንገቱን ሲደፋ ፕሮፌሰሯ ቀደም ብለው፣ «የኔ ነው እማማ! ይልቅ እነዚህ ሆዳሞች ሳይጨርሱበት የተጠበሰውን ዶሮ ያቀብሉት» አሉ። ላማር ሰኞ ክፍል ገባ። ከዚያ ወዲህም በፕሮፌሰሯ ክፍል የፈለገ ወገኑን ይናገራል፣ ላልፈለገ ስሙ ይበቃዋል።

ፕሮፌሰር ቨርሊን ባለቤታቸውን ከቀበሩ በኋላ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በልጃቸው ቤት አረፉ። ዛሬ ያንኑ መግቢያ የሚያስተምሩት ዶክተር ላማር ጧት መጥተው እንደ እንግዳ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ሟቿ ታመው ሳሉ በተናዘዙት መሠረት ግን አስተናጋጆች አንሥተው ከፊት፣ ከራሞና ጎን አስቀምጠዋቸዋል።

እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ ከቀደሟት አባቶችና እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጅ ልጆቻቸውና ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለራሞናና ለላማር፣ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።