ሐይቁን ከፊት የሚያሳየው ቦታ

ማርሊስዬ፣ በረዶው መስኮትሽን ሊውጠው ነው እኮ! ከመኪናዬ እስከ በርሽ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ሌላ ሐይቅ ተሠራ። እንኳን ምድጃሽ ነዶ ጠበቀኝ። ይኸው፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ አምጥቼልሻለሁ፤ ከወደቡ ሽማግሌ ነው የገዛሁት። በይ ቁረሺ። ሳሎን ላለው ወንድምሽም አንድ ቁራጭ ይድረሰው… ጨዋታ እያየ ነው አይደል? አይ፣ አትጥሪው። ሆኪ የሚያይ ሰው አይጠራም።

እኔ የመጣሁት የበጋውን ጉዞ ልናወራ ብዬ ነው። ዛሬ የስልኩ ቀን አልነበር? በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ የካምፑ ባለቤት ሚስት ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ከዚህ እስከ ዊስኮንሲን ባለ ጎማ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ለበጋ ቦታ ለማስያዝ እየደጋገመ ይደውላል። ምሳ ሳይደርስ የሐይቁ ዳር አለቀ። አገሩ በረዶ ሥር ተቀብሮ፣ ሰው ስለ ጥላና ስለ ትንኝ ይጋፋል! እብደት አይደለም?

መቼም ይህ ግፊያ የማይነካቸው ዕድለኞች አሉ። አንድ ሰው አውቃለሁ… ወንድምሽን አላልኩም! ወንድምሽ ምን አደረገ? አንድ ሰው ነው፣ በቃ። ጨዋ፣ ቁመናው ያማረ፣ ስልክ ለመደወል ጣቱን አንስቶ የማያውቅ። በየበጋው ግን ተጎታች ቤቱን ይዞ ሲደርስ፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ያለው፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ከእግርሽ ሥር እስከ ሰማይ ድረስ የሚታይበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። «ባለቤቱ ያከብረኛል፤ ሳልጠይቀው ያስቀምጥልኛል» ይላል እሳት ዳር ተቀምጦ። መከበርማ እንዲህ ነው! እኛ ካልጠሩን ቤት አንገባም፤ እሱ ሳይጠራም ሳይጣራም ይገባል።

አነዳዱስ? ተጎታቹን ወደ ኋላ ሲያስገባ አይተሽ ታውቂያለሽ? ካምፑ በሙሉ ወንበሩን አዙሮ ያያል፤ የኛ አገር ቴአትር ይኸው አይደል? እሱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ መሪውን በሁለት ጣቱ ይይዛል… ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ቆማ «ና፣ ና፣ ወደ ግራ፣ ና… በቃ!» ትላለች፤ ጎንበስ ብላም ከጎማው ሥር ታኮ ታስገባለች። ከዚያ ይጨበጨብለታል። ለማን ይጨበጨብ ታዲያ? ለታኮው?

በዚያ ላይ እንዴት ያለ ሰው ወዳድ መሰለሽ! የብሉቤሪ ኬክ ስትሠሪለት ሳህኑን ባዶ አድርጎ ይመልስልሻል። ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ? አንድ ምሽት ፀሐይ ውኃው ላይ ስትጠልቅ፣ ያቺን ሴትዮ ትክ ብሎ አያት። እኔ ልቤ… የሷ ልብ ማለቴ ነው… ቀጥ አለች። «አንቺ እኮ» አላት፣ «አንቺ እኮ ለእኔ እንደ ወንድሜ ነሽ።» አየሽ? እህቴ የሚባለው ስንቱ ነው፤ ወንድሜ መባልማ ማዕረግ ነው!

ቴሌቪዥኑ ድምፁን ቀነሰ ልበል?… አይ፣ ማስታወቂያ ይሆናል።

ማርሊስ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን ወደዚያ ዞረሽ ዓሣሽን እየቆረጥሽ ስሚኝ፤ እያየሽኝ አልችልም። ያንን ቦታ… ማንም ለማንም አስቀምጦ አያውቅም። ባለቤቱ የዚያን ሰውዬ ስም እስከ ዛሬ ከሌላ ሰው ስም ጋር ያምታታዋል። የምትደውለው አንዲት ሴት ናት። በየዓመቱ በስልኩ ቀን ተማሪዎቿን ለሌላ መምህር አደራ ብላ፣ የመምህራን ማረፊያውን በር ዘግታ፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ ትደውላለች። «ሁለት ቦታ፣ አንዱ የድንጋዩ ጫፍ፣ አንዱ ከበስተኋላው» ትላለች። ጫፉ ለሱ፣ የኋላው ለራሷ። እሱ ሐይቁን ያያል፤ እሷም… እሷም የምታየው አላጣችም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል። ሐይቁን አይቶ ከኋላው የቆመችውን ላላየ በሬ ግን እስካሁን ተረት አልወጣለትም።

ስንት በጋ አለፈ አትበይኝ፤ ስጀምር ሽበት የሚባል አላውቅም ነበር። ለምን አልነገርሽውም አትበይኝ። እኔ እኮ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ሲለኝ እንኳ ፊቴ የሚቀላ ሰው ነኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት እውነት ቢሆን ይሄኔ ባንክ ከፍቼ ነበር።

ይኸው፣ ወጣልኝ። አሁን መዞር ትችያለሽ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ አምኜ ታቅፌ ኖርኩ። እውነትም ሄደ፤ ግን ወደ ዱሉዝ ከተማ ነው የሄደው። በገና ዕለት ያ ሰው እጄን ያዘና፣ በትሕትና፣ መቼም እንደሱ ትሑት የለም፣ «ዘንድሮ ከዱሉዝ አንዲት ወይዘሮ አብራኝ ትመጣለች» አለኝ። እሰይ! «እና ያንቺን ተጎታች ትንሽ ራቅ አድርገሽ ብታቆሚው? ማታ ማታ ለብቻችን እንድንሆን ብዬ ነው።» ምን ክፋት አለው? በሩ ጋ ደርሶ ደግሞ መለስ አለና «ኬኩን ግን እንዳትረሺ» አለኝ። አሳቢ አይደለም? እንግዳዋ ጣፋጭ እንዳያምራት ብሎ እኮ ነው!

እኔ ደግሞ ታዛዥ ነኝ። ራቅ በይ ከተባልኩ መራቅ ነው። ዛሬ ስደውል ሴትየዋ ድምፄን ለየችውና «እንደ ሁልጊዜው ሁለት?» አለችኝ። ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «አለሽ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። «አንድ። የድንጋዩን ጫፍ። በእኔ ስም።» ማርሊስ ሙቺ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም! «ሰውዬውስ?» ስትለኝ «እሱማ የተከበረ ሰው ነው፤ ባለቤትሽ ራሱ ያስቀምጥለታል» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም… እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ።

አሁን አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው አሉ፤ የየተጎታቹ የሽንት ቤት ታንከር ከሚደፋበት ጉድጓድ አጠገብ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ቱቦውን ታቅፎ የሚሰለፍበት የለም? እዚያ። ሰው ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ቦታ አለ? የማያልፍ የለም! የዱሉዟ ወይዘሮም ከካምፑ ሰው ሁሉ ጋር በአንድ ጠዋት ትተዋወቃለች። ከኔ እንደሆነ ርቆለታል፤ ልክ እንደተመኘው። እሱም ቢሆን ዛሬውኑ ከደወለ ነው። መደወል ደግሞ ይችላል፤ ጣት አለው፣ ስልክ አለው… የጎደለው ምንድን ነው?

አንቺ ግን ከኔ ጋር ነሽ፣ እንቢ አትይኝም። ሁለት ወንበር ጫፉ ላይ እናወጣለን፤ ኬኩንም ሁለታችን…

ውይ! ጨዋታው አለቀ እንዴ? ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ በር ላይ የቆምከው? ግባ እንጂ፣ ዓሣ አለልህ። እኛ እንኳ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው፤ አንተ አታውቀውም። እሱም ራሱን አያውቀውም… ምነው ስልክህን ፈለግክ? ካፖርትህ ኪስ ውስጥ ይሆናል። ቀስ በል፣ ታኮ የሚያስገባልህ የለም።

አይዞሽ ማርሊስ፣ ለዚያ ሰውዬ ክፉ አልመኝለትም። በይ አሜን በይልኝ። እግዜር ጤናውን ይስጠው። በጋውን ፀሐይ ያድርግለት። ለኛ ለሌሎቻችን ሰባም ሰማንያም ዓመት ይበቃናል፤ ለእሱ ግን የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠው… እስኪገባው ድረስ።